ፍየል የምትገባበት ግንብ

በየካቲት ወር ፲፱፻፵፯ ዓመተ ምሕረት፣ በጎንደር ከተማ በነገሥታቱ ግቢ በር ላይ፣ ነጋሪት ባይጎሰምም እንዲህ የሚል ትእዛዝ ተነበበ፤ «የወይዘሮ እናኑ ፍየል ከዛሬ ጀምሮ የአጤ ፋሲልን ግቢ እንዳትረግጥ! አልሰማሁም ብትል ምክንያቷ ተቀባይነት የለውም።» ፍየሏ ትእዛዙ ሲነበብ እዚያው ከግንቡ ሥር ቆማ ታመነዥግ ነበር።

ግቢውን የሚጠብቁት፣ የፈረሰውንም የሚጠግኑት ባላምባራስ የሻው ነበሩ፤ በጠላት ዘመን በዱር በገደል ተዋግተው ማዕረጉን አገኙ፤ ከማዕረጉም ጋር ፍየል መከልከል ተጨመረላቸው። ፍየሏ የምትገባው ያለፈው ክረምት ግንቡን ንዶ በተወው ክፍተት ነው፤ እርሱን መድፈን የጥቂት ቀን ሥራ ሲሆን ባላምባራስ ግን «ኖራው ገና አልደረሰም» እያሉ ወራት አሳለፉ።

እናኑ ባሏ ከሞተባት ዓመት አልሞላትም። ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ወንድ ደጃፏን ቢረግጥ፣ ወንድሟ አያ ዳኛው ጠቅልሎ ወደ አገሩ ወደ ጠዳ ሊወስዳት ምሏል። ፍየል ፍለጋ ብትወጣ ግን የሚናገራት የለም።

«ምነው ባላምባራስ፣ ለአንዲት ፍየል ጠመንጃ ይዘው ይቆማሉ?»

«ጣሊያን እንኳ እንዲህ አላስቸገረኝም። ማንን ተማምና ነው?»

«ዘበኛውን» አለች እናኑ፣ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ።

ሙት ዓመቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው የቅርስ ተቆጣጣሪው ግራዝማች ንብረት መጡ፤ ክፍተቱ እስከ ቅዳሜ ካልተደፈነ ባላምባራስ ከሥራቸው እንደሚሰናበቱ አስታወቁ። እናኑ ይህን ሰምታ ዕለቱን ወደ ክፍተቱ መጣች።

«ይድፈኑት እንጂ፤ በእኔ ምክንያት እንጀራዎን አይጡ።»

«ሙት ዓመቱ ይውጣ፤ ያን ጊዜ በሽማግሌ፣ በፊት ለፊት ደጅሽ እመጣለሁ።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያማ ፍየልሽን አጥብቀሽ አትሰሪያት።»

በኋላ ዘመን ግቢውን የጐበኙ ሊቃውንት ክፍተቱን የጦርነት ስብራት ነው ብለው ጻፉ፤ ፎቶግራፍም አነሱት። ለመድፍ ቦታ የማያጣው ታሪክ ለፍየል ቦታ አልነበረውም፤ ባላምባራስም በመዝገብ የቀሩት ሰነፍ ግንበኛ ተብለው ነው። ለእናኑ ሽማግሌ የላኩት ያለ ደመወዝ ቀርተው ነበር፤ እርሱን የጻፈ የለም።

በዚያች ቅዳሜ ግን ግራዝማች ንብረት ክፍተቱን እንደነበረ አገኙት፤ ተቆጡ፤ ወዲያውም የኚያ አርበኛ ሽበት አሳዘናቸው።

«ባላምባራስ፣ ታመው ነበር? አንዲት ምክንያት ይስጡኝና ልለፈው።»

ምክንያቱ ከአፍ ቢወጣ የእናኑ ስም ከገበያ ገበያ ሊዞር ነው። ባላምባራስ የዘበኝነቱን ጠመንጃ ከትከሻቸው አውርደው ከግንቡ አስደገፉት።

«አልደፈንኩትም ጌታዬ። ለምን እንደሆነም አልናገርም።»