ከላይ የገባው ገመድ

«ውይ! ነከሰችኝ!» አለች እትዬ እጇን እያራገፈች። ከዚያ ደግሞ ሳቀች። «ይቺ ማብሪያ ጠዋት ጠዋት ሰላም ሳትለኝ አትውልም።»

ጠበቃ የሚሏት ልጅ ዳቦዋን እንደያዘች ቀጥ አለች። ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ ወደ ፈተና ልትወጣ ነበር።

«ትናንትም ነክሳሽ ነበር?»

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ። ትንሽ ውርር ታደርገኝና ትተወኛለች። አንቺ ደግሞ አታካብጂ።»

የቤታቸው የፊት ክፍል ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። ሁለት ማሽኖች፣ አንድ የሲሚንቶ ገንዳ፣ ሁሌም እርጥብ የሆነ ወለል። እትዬ፣ ጠበቃ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ፣ እዚያ ስታጥብ ኖራለች፤ ጠበቃን አዝላ ያሳደገችውም እሷ ናት። «ጠበቃ» የሚለውን ስም ያወጣችላትም እሷው ናት፤ ልጅቷ ክርክር ስለምትወድ። ያም ሆኖ በአሥራ አራት ዓመቷ እዚህ ቤት ውስጥ አንድም ክርክር አሸንፋ አታውቅም።

ጠበቃ ወደ ማሽኖቹ ማብሪያ ተጠጋች፤ እጇን ግን ወደ ኋላ አድርጋ። ግራጫ፣ ድፍን፣ ውሃ እንዳያስገባ ተብሎ የተሠራ ማብሪያ ነው። ዙሪያው በጎማ ታሽጓል፤ ክዳኑ ግን እንደ መስታወት ውስጡን ያሳያል። ክዳኑ ላይ ሦስት የውሃ ጠብታዎች ተሰልፈዋል። በውስጥ በኩል።

ዳቦዋን አስቀመጠች።

ባለፈው ሳምንት ማብሪያውን የገጠመው ታላቅ ወንድሟ ነው። ከሙያ ትምህርት ቤት ከተመረቀ ወር አልሞላውም፤ እናታቸው ግን ከወዲሁ «ኢንጂነሬ» ትለዋለች፣ ሰፈሩም ተቀብሎ «ኢንጂነሩ» ብሎታል። ያን ቀን መጀመሪያ ገመዱን ከታች በኩል ሊያስገባ ነበር። እናታቸው ወገቧን ይዛ አየችና ፊቷ ተለወጠ። «አዲሱ ነጭ ሴራሚኬ ላይ ይሄ ጥቁር ገመድ ሊንጠለጠልብኝ? የሰው ያለህ! ከላይ አስገባው፣ ከጣሪያው ሥር ይደበቅ።» ኢንጂነሩ አንገቱን አከከ። ከዚያ መሰርሰሪያውን አነሳና የማብሪያውን አናት በሳው።

ጠበቃ ከማብሪያው ካርቶን ውስጥ የወጣችውን ወረቀት የሳይንስ መጽሐፏ ውስጥ ዕልባት አድርጋታለች። ወረቀቷ ላይ ሁለት ሥዕሎች አሉ። በአንዱ ገመዱ ከታች ይገባል። በሌላው ከላይ ይገባል፣ ጠብታዎችም በገመዱ ላይ ተንሸራትተው ወደ ውስጥ ይወርዳሉ፤ እሱ ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት ተደርጎበታል። የአምስት ዓመት ልጅም ይገባዋል።

ወረቀቷን ይዛ ወደ ወንድሟ ክፍል ሮጠች። አዲስ ሸሚዝ ለብሶ የጫማውን ክር ያስራል። ዛሬ አንድ የሕንፃ ተቋራጭ፣ ሊቀጥረው አስቦ፣ ሥራውን ሊያይለት ይመጣል። የሚያየው ደግሞ ይህንኑ ማጠቢያ ቤት ነው።

«እትዬን ነዝሯታል። ውስጡ ውሃ ገብቷል» አለችው።

ወረቀቷን አየና ክሩን ለቀቀው። ምን አገባሽ የሚላት መስሏት ነበር፤ አላላትም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራት።

«አውቃለሁ» አለ በሹክሹክታ። «ያን ቀንም አውቅ ነበር። ሰውዬው አይቶ ይሂድ እንጂ፣ ማታ ፈትቼ በአዲስ እቀይረዋለሁ። አንድ ቀን ነው እኮ!»

«እስከ ማታ እትዬ ስንቴ ትነካዋለች?»

«ፍሬንዴ፣ በናትሽ! ተቋራጩ ሲመጣ ግድግዳው ላይ የተፈታ ነገር ካየ አለቀልኝ። ለእማዬ እንዳትነግሪያት።»

ነገረቻት። እናቷ የታጠፈ አንሶላ ተሸክማ ስትመጣ መንገዷ ላይ ቆማ፣ ወረቀቷን ዘርግታ ነገረቻት። እናቷ ወረቀቷን አላየችም፤ ልጇን ነው ያየችው።

«ሁለት ዓመት ሙሉ የተማረው እሱ፣ የምታስተምሪን አንቺ? ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም አሉ!»

«እማዬ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? እትዬን ጠይቂያት።»

እትዬ ገንዳው ላይ አቀርቅራለች። «ምንም አይደል፣ ልጄ» አለች ቀና ሳትል። «በእኔ የተነሳ እናትና ልጅ አትጣሉ።»

«ኢንጂነሬ!» ብላ ተጣራች እናቷ። ወንድሟ ብቅ አለ። «ይሄ ማብሪያ ችግር አለበት እንዴ?»

ጠበቃ ዓይን ዓይኑን አየችው። እሱ ጫማውን አየ።

«ምንም የለበትም» አለ። «እትዬ ብቻ እጇን አድርቃ ትንካው።»

«ሰማሽ?» አለች እናቷ። «በይ ሂጂ። ፈተናሽ ሁለት ተኩል ነው። በሩ ከተዘጋ እዚያው በረንዳ ላይ ነው የምትውዪው።»

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት እንዲህ ነው። ሐቁ ወረቀት ላይ ተሥሎ ጠበቃ እጅ ላይ አለ፤ የሚሰማት ግን የለም። ማብሪያውን ፈትታ ማስተካከል አትችልም፤ አታውቅበትም፣ ብትነካው ደግሞ እሷንም ይዟት ይቀራል። እትዬ በእርጥብ ቀሚሷ እጇን ጠረግ ጠረግ አደረገች። ማድረቅ ማለት ለእትዬ ይኸው ነው። ጠበቃ እንባዋ መጣ።

ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ የመብራት ሳጥኑን አየችው። ደረቅ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ባለ ብረት በር ሳጥን ነው፤ በሩ የጓጉንቸር ማስገቢያ ቀለበት አለው። አንድ ቀን እራት ላይ ኢንጂነሩ በጉራ ያወራው ትዝ አላት። «መምህራችን ምን ይለናል መሰላችሁ? የመብራት ሠራተኛ መጀመሪያ ያጠፋል፤ ቀጥሎ በራሱ ጓጉንቸር ይቆልፋል፤ ቁልፉን ራሱ ኪስ ይከታል። ሥራው ሳያልቅ እናቱም ብትለምነው አይሰጥም!» እናታቸው በሳቅ ፈርሳ ነበር። «ለእኔማ ትሰጠኛለህ!» ብላው።

ጠበቃ ክፍሏ ገባች። የማስታወሻ ደብተሮቿን ከምትደብቅበት ሳጥን ላይ ጓጉንቸሩን ፈታች። ተመልሳ የብረቱን በር ከፈተችና በወንድሟ የእጅ ጽሑፍ «ማጠቢያ ቤት» ተብሎ የተጻፈበትን ማጥፊያ ፈልጋ ወደ ታች አወረደችው። ማሽኖቹ አቃስተው ቆሙ። በሩን ዘጋች፣ ቆለፈች፣ ቁልፉን ኪሷ ከተተች።

«ማነው ያጠፋው?» እናቷ እየሮጠች መጣች። ጓጉንቸሩን አየችና አፏን ያዘች። «አብደሻል እንዴ? የሰው ልብስ ሳሙና ውስጥ ተዘፍዝፎ! እንግዳ እየመጣ! ቁልፉን አምጪ!»

«አልሰጥም፣ እማዬ።»

«እንግዲያውስ ከዚህ ቤት አትወጪም!» ብላ የፊት ለፊቱን በር ደገፍ ብላ ቆመች። «ፈተናሽም ይለፍሽ፣ ዓመቱንም ድገሚ!»

ጠበቃ ኮሪደሩ ላይ፣ ከሳጥኑ ሥር፣ ቦርሳዋን አቅፋ ቁጭ አለች። የግድግዳው ሰዓት ሁለት ከአምስት ይላል። ሁለት ከአሥር። ስታጠናው የከረመችው ነገር ሁሉ ከጭንቅላቷ ብን ብሎ የጠፋ መሰላት። ዓመቱን ደግማ ከታናናሾቿ ጋር ስትቀመጥ ታያት። ቁልፉን ብትሰጥ በሩ ይከፈትላታል። እትዬም ማሽኑን ትከፍታለች።

የጫማ ኮቴ ሰማች። ወንድሟ ነው። አዲሱን ሸሚዝ አውልቆ በካናቴራ ሆኗል፤ እጁ ላይ ጠመንጃ መፍቻና ቴስተር ይዟል። እሷን ሳያያት አለፈ። ማብሪያው ዘንድ ሄዶ መብራት አለመኖሩን በቴስተሩ ፈተሸ፣ ደግሞ ፈተሸ፣ ከዚያ ብሎኖቹን ፈታ።

ክዳኑ ሲነሳ ውሃው ተንዠቀዠቀ። በነጩ ሴራሚክ ላይ ዝገት የቀላቀለ ቡናማ መስመር ሠርቶ ወረደ። ግማሽ ስኒ ይሆናል።

እትዬ ቀኝ እጇን በግራዋ ይዛ የእጇን መዳፍ ታየው ጀመር።

«ልጅ ያቦካው ያልሽው ይኸው፣ እማዬ» አለ ወንድሟ። «ያቦካሁት እኔ ነኝ። ከላይ እንደማይገባ አውቅ ነበር።»

እናታቸው ውሃውን እያየች ቀስ ብላ ከበሩ ተነቀለች። የጠበቃን ቦርሳ አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገችላት፤ እንዲህ ካደረገችላት ዓመታት አልፈዋል። «ከላይ አስገባ ያልኩት እኮ እኔ ነኝ» አለች ድምፅዋ ተቆራርጦ። «በይ፣ ልጄ፣ አምኜሻለሁ። ቁልፉን ስጪኝና ሩጪ። ሲጨርስ እኔው እከፍተዋለሁ።»

ሰዓቱ ሁለት ከሃያ ይላል። ጠበቃ ቁልፉን ከኪሷ አወጣች። ልትዘረጋው ስትል ወንድሟን አየችው። በባዶ እጁ የተላጡትን ሽቦዎች እየለየ ያጥፋቸዋል። ውጭ ደግሞ መኪና ሲቆም ተሰማ፤ ተቋራጩ ሳይሆን አይቀርም። እናቷ ወደ ድምፁ ዞራ ፀጉሯን በእጇ አስተካከለች። እንግዳ ሲመጣ እናቷ የያዘችውን ሁሉ ትረሳለች፤ ቤቱ እንዲያምርላት፣ መብራቱ ቦግ እንዲልላት ብቻ ትፈልጋለች።

ጠበቃ ቁልፉን መልሳ ኪሷ ከተተች።

«ሥራው ሲያልቅ» አለች።

እናቷ አፏን ከፈተች፣ ግን ወንድሟ ቀደማት። «ይዘሽው ሂጂ» አለ ቀና ሳይል። «ስትመለሺ ትከፍቺዋለሽ።»

ሮጠች። ተቋራጩን በሩ ላይ ልትገፋው ምንም አልቀራት። መንገዱን ገና ሳታጋምስ በሩ ሲዘጋ የሚደወለው የትምህርት ቤቱ ደወል ከሩቅ ተሰማት። አልቆመችም፤ ኪሷን በእጇ ጭብጥ አድርጋ ይዛ መሮጧን ቀጠለች።