ወንዙ የተመለሰበት ዓርብ

የትስፋልደት ሬሳ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ደረጃው ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ከእጁ አጠገብ አንድ ፌስታል ወድቋል፤ ውስጡ ከነማሸጊያው ያለ አዲስ ጥቁር ሸሚዝ ነበር።

የጣሊያን ፖሊሱ መርማሪ፣ ኢስፔቶሬው፣ መደገፊያ የሌለውን ደረጃ አየና «ኢንቺደንቴ፣ አደጋ ነው፤ ተንሸራቶ ወድቋል» አለ።

እስከዳር የተጠራችው ለማስተርጎም ብቻ ነበር። ሮም ከመምጣቷ በፊት ግን አዲስ አበባ ውስጥ የወንጀል መርማሪ ነበረች። ጎንበስ ብላ ሬሳውን አየች። ጭንቅላቱ ወደ ታች፣ እግሩ ወደ ላይ ነው።

«ሰውየው ወደ ላይ እየወጣ ነበር» አለች በጣሊያንኛ። «ቆሞ ከበላዩ ካለ ሰው ጋር ሲነጋገር ነው ወደ ኋላ የሄደው። እየወጣ ቢደናቀፍ ኖሮ በፊቱ ይደፋ ነበር።»

ሮም ዳርቻ ሮማኒና ያለው ይህ ሕንጻ፣ ፖሊስ ቪያ ኩርታቶኔ ከተባለው መንገድ ያባረራቸው የኤርትራና የኢትዮጵያ ስደተኞች የተጠጉበት ነው። ጠዋት ጠዋት ሁሉም ወደ ሥራ ይወጣል። በዚያ ሰዓት ሦስተኛ ፎቅ ላይ የቀሩት አሮጊቷ ልዕልቲ፣ ልጃቸው ሲኒትና ጎረቤታቸው ፍረዝጊ ነበሩ። ሬሳውን ያገኙት ደግሞ ከውጭ የመጡት አባ ወልደንኪኤል ናቸው።

መጀመሪያ የተጠየቀው ፍረዝጊ ነው፤ ትናንት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል።

«አሎራ፣ እንግዲያው ገዳዩ እኔ ነኝ በይና ጨርሺው» አለ። «እዚህ ሕንጻ ውስጥ አምፖል እንኳ ሲቃጠል እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«በወንበር። ለድግስ የሚያገለግሉ የፕላስቲክ ወንበሮች አሉኝ። አውጣልኝ አለኝ። ለምን ስለው ዝም። ‹በዚህ ዕድሜህ ልታገባ ነው እንዴ?› አልኩት፤ ተቆጣ። ለማንኛውም ዛሬ ጠዋት አውጥቼ ባለኝ ቦታ፣ እዚያ ደርድሬለታለሁ።»

ያመለከተው በልዕልቲ በር ፊት ያለው የሦስተኛው ፎቅ መተላለፊያ ባዶ ነበር። «እዚሁ ነበሩ!» አለ ፍረዝጊ። እስከዳር በሮቹን አንድ በአንድ እየከፈተች ሄደች። ወንበሮቹ ውሃው በተቋረጠው መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ከበሩ ጀርባ ታጭቀው ተገኙ።

አባ ወልደንኪኤል ከታች ቆመው ይጸልዩ ነበር።

«ትስፋልደት የሙዝ መርከብ ላይ ወጥ ሠሪ ነበር» አሉ። «በዚህ ሳምንት ነው ከባሕር የተመለሰው። ቪያ ቮልቱርኖ ምግብ ቤት አገኘኝና ‹አባ፣ ቅዳሜ ማለዳ ይምጡልኝ› አለኝ። የማን ቤት እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

«እርስዎም አልጠየቁትም?»

«እንዲህ ያለው ነገር አስቀድሞ ከተወራ ያለ ጊዜው ይሰማል። ዛሬ ግን አላስቻለኝም፤ ልጠይቀው መጣሁ።»

ጥቁር ሸሚዝ፣ ወንበር፣ ቄስ፣ ማለዳ። እስከዳር መርዶ መሆኑን ለኢስፔቶሬው ማስረዳት አቃታት። እነሱ አገር እንዲህ ያለውን ነገር በስልክ ይነጋገሩታል።

ልዕልቲ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ፈገግ ብለው ተቀበሏት። ሲኒት ከአጠገባቸው ቆማ ነጠላቸውን ታስተካክላለች።

«ጋሽ ትስፋልደትን ከተመለሰ ወዲህ አይተሽዋል?» አለቻት እስከዳር።

«አላየሁትም። ሥራ ላይ ነበርኩ። ዛሬም ከእናቴ ጋር ከክፍል አልወጣሁም።»

«አደይ ልዕልቲ፣ ሌላ ልጅ አለዎት?»

የአሮጊቷ ፊት በራ። «ሩፋኤል አለኝ እንጂ! ኢኳዶር የሚባል አገር፣ ጓያኪል። በዚያ በኩል ወደ አሜሪካ ሊሻገር ሄዶ እዚያው ሥራ ያዘ። ከሄደ አራት ዓመቱ ነው። እኔ የስልክ ድምፅ አልሰማም፤ እሁድ እሁድ ለሲኒት ይደውላል፣ እሷ ትነግረኛለች። ከተማው ስንት ጊዜ ተቃጥሏል መሰለሽ! ቤቱ ሁሉ እንጨት ነበር። ድሮ ቸኮሌት በሚሠሩበት ፍሬ፣ በካካዎ ነበር የበለጸገው፤ ዛሬ ሙዝና ጋምበሪ የሚሉት የባሕር ፍጥረት ነው። ልጄ ወደቡ ላይ ሙዝ ይጭናል። ካቴድራሉ ፊት ለፊት ያለው መናፈሻ ውስጥ ውሻ የሚያህል እንሽላሊት ይንጎራደዳል አሉ።»

«እማዬ፣ አይድከምሽ» አለች ሲኒት።

«ምን ያደክመኛል? ዛሬ ደግሞ እሁድ ሳይሆን ደወለ! እስከ ዛሬ ወንዙ ወደ ባሕር ይወርዳል ነበር የሚለኝ። ለካ ባሕሩ ሲሞላ ወንዙ ወደ ኋላ ይመለሳል። እምቦጭ የሚሉት አረም ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ወደ ላይ ይሄድና ከሰዓታት በኋላ መልሶ ይወርዳል። አየሽ የእግዜርን ሥራ?»

እስከዳር የሲኒትን እጆች አየች። ነጠላውን ማስተካከል አቁመዋል።

ወጥታ ኢስፔቶሬውን እስከ ነገ ማለዳ እንዲጠብቅ ለመነችው። ዝም ብትል አሮጊቷ ልጃቸውን እየጠበቁ ይሞታሉ፤ ብትናገር ሁለቱንም ልጆች ትወስድባቸዋለች። ቀኑን ሙሉ ሦስተኛ መንገድ ፈለገች። አላገኘችም።

ቅዳሜ ማለዳ ፍረዝጊ ወንበሮቹን አስገባ። አባ ወልደንኪኤልም፣ ኢስፔቶሬውም ተቀመጡ። ልዕልቲ ወንበሮቹን አዩ፤ ቄሱን አዩ።

«ለማን ነው?» አሉ።

«እንዳትነግሪያት!» ሲኒት ጮኸች። «ልቧ ደካማ ነው!»

«ንገሪኝ» አሉ ልዕልቲ። «ሰው ማለዳ ወንበር ይዞ ቤቴ ከገባ፣ ከዚህ በኋላ ምን ይደበቃል?»

እስከዳር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች።

«ትስፋልደት መርዶ እያሰናዳ ነበር። ወንበሮቹን ያስወጣው እዚህ በር ላይ ነው፤ ስለዚህ መርዶው የዚህ ቤት ነው። እሱ ከሞተ በኋላ አንድ ሰው ወንበሮቹን ደበቀ። ፍረዝጊ ድግስ መስሎት ነበር፤ አባም ቤቱን አያውቁም ነበር። ወንበሮቹን የደበቀው የማን መርዶ እንደሆነ የሚያውቅና አደይ እንዳያዩ የፈራ ሰው ነው።»

«እኔ ክፍሌ ነበርኩ» አለች ሲኒት።

«ለዓመታት ስለ ጓያኪል ከኢንተርኔት እያነበብሽ ነገርሻቸው፤ ቃጠሎውን፣ ካካዎውን፣ ሙዙን። ወንዙ ግን ሁልጊዜ ወደ ባሕር ነበር የሚወርደው። የተመለሰው ትናንት ነው፤ ትስፋልደት በሞተበት ጠዋት። በሙዝ መርከቡ ጓያኪል ደርሶ ያን ወንዝ በዓይኑ ያየው እሱ ነበር። አላየሁትም ካልሽ እምቦጩን ማን ነገረሽ?»

ሲኒት ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

«ሩፋኤል በሄደ በዓመቱ ሞቷል» አለች። «አብረውት የነበሩት ደውለው ነገሩኝ። ቆይቼ እነግራታለሁ ስል ሰነበትኩ፤ ከዚያ አልቻልኩም። ጋሽ ትስፋልደት መቃብሩን አይቶ መጣ። ደረጃው ላይ ‹ያ ወንዝ እምቦጩን ተሸክሞ ወደ ኋላ እንደሚመለስ እንኳ ሳታውቂ ነው እናትሽን የምታታልያት፤ ነገ ትሰማለች› አለኝ። ለመንኩት። እምቢ አለ። ገፋሁት። ወንበሮቹን ደብቄ ስገባ እማዬ ‹ምን ያንቀጠቅጥሻል?› አለችኝ። ሩፋኤል ደውሎ ነው አልኳት፤ አፌ ላይ የመጣልኝን ነገርኳት።»

ኢስፔቶሬው አማርኛ ባይሰማም ተነሣ። ሲኒትም ለካቴናው እጇን ዘረጋችለት።

ልዕልቲ አላለቀሱም። ነጠላቸውን አውልቀው ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጠው ለበሱት።

«እሁድ እሁድ» አሉ ሲኒት ወደምትወጣበት በር እያዩ፣ «ስላንቺ ማን ይነግረኛል?»

ጎረቤቶች መሰብሰብ ሲጀምሩ ፍረዝጊ ተነሥቶ ለለቀስተኛ ወንበሩን ለቀቀ።