ያልታመመው እጅ

እታገኘሁ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤታቸው ጎንደር አጠገብ፣ ፀዳ ነበር። አባቷ አቶ ቢሻው ሆስፒታል ውስጥ ቁስል የሚያጥቡና የሚያሽጉ ድሬሰር ነበሩ። ልጆች፣ እታገኘሁ ጨዋ ልጅ ነበረች፤ ግን አንድ ቀን ዋሸች። እንዴት እንደ ዋሸች ልንገራችሁ።

ዘመኑ የደርግ ዘመን ነው። ከቀበሌው አጠገብ፣ ትልልቅ ሰዎች ማታ ማታ ፊደል የሚቆጥሩበት አንድ አዳራሽ ነበር። ጡረታ የወጡት መምህር አንዳርጋቸው አዳራሹን ለምነው ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት የልጆች ቤተ መዘክር አደረጉት። ቤተ መዘክር ታውቃላችሁ? የድሮና የአሁን ዕቃ ተሰብስቦ የሚታይበት ቤት ነው። ሌላ ቦታ «ዕቃ መንካት ክልክል ነው» ተብሎ ይጻፋል። መምህር አንዳርጋቸው ግን በሩ ላይ በጠመኔ «እባካችሁ ንኩ» ብለው ጻፉ። ልጅ ብቻውን አይገባም። ከእናቱ ወይም ከአባቱ ጋር ይገባና አብረው በእጃቸው እየሠሩ ይማራሉ። ባለፈው ሐሙስ ሸማኔ መጥቶ እታገኘሁና አባቷ አንድ ስንዝር ጋቢ ሸምነዋል፤ ክሩ እየተወሳሰበባቸው ሲስቁ ነው የዋሉት።

በዚህኛው ሐሙስ ከወለቃ መንደር የመጡት ሸክላ ሠሪዋ እማማ እቴነሽ ነበሩ። ታዲያ እታገኘሁ ከቤት ስትወጣ አማረች የምትባል የጎረቤት ልጅ ወደ ጎን ጠርታ አንድ ክፉ ወሬ ነገረቻት። ሸክላ ሠሪ የነካችውን የነካ ልጅ ይታመማል አለቻት። ልጆች፣ ይህ ሐሰት ነው። ያን ጊዜ ግን ብዙ ሰው ያወራው ነበር። እታገኘሁም አመነችና ፈራች።

እማማ እቴነሽ ጭቃውን እያድበለበሉ ለየልጁ አደሉ። ተራው ሲደርሳት እታገኘሁ ቀኝ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። በር ጣቷ ላይ እንደ ተዘጋባት፣ በጣም እንደሚያማት ተናገረች።

አባቷ ደንግጠው ጣቶቿን አንድ በአንድ አዩላት።

«አላበጠም» አሉ። «ግን አመመኝ ካልሽ አምንሻለሁ። ዋሽተሽኝ አታውቂም።»

ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው እጇን አሰሩላት። የእታገኘሁ ጉንጭ ጋለ። እውነቱን ለመናገር አፏን ከፈተች፤ ወሬው ትዝ ሲላት ግን መልሳ ዘጋችው።

ሌሎቹ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ጭቃ ያሹ፣ በጠጠር ያለሰልሱ ጀመር። አንድ አባት የሠራው ድስት ጫማ መሰለና ልጁ እስኪያመው ሳቀ። እታገኘሁ ጥግ ላይ ተቀምጣ ታያለች።

ዕረፍት ሆነና ልጆቹ ሊጫወቱ ወጡ። እማማ እቴነሽ ግን አላረፉም። ከእታገኘሁ ትንሽ ራቅ ብለው ተቀመጡና ምን መሥራት አስባ እንደ ነበር ጠየቋት። ክዳን ያላት ትንሽዬ ድስት አለቻቸው፣ በቀስታ። ባዶ እጇን ከምትሄድ እሳቸው ይሠሩላት ጀመር።

እታገኘሁ የፈራችውን ፊት አሁን በደንብ አየችው። ዓይናቸው በእሳት ጭስ ቀልቷል። መዳፋቸው ተሰነጣጥቆ ስንጥቁ ውስጥ ጭቃ ገብቷል። እየሠሩ ስለ ልጃቸው ስለ አምሳል አወሯት። እሷም ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ገመድ መዝለል ትወዳለች።

ድስቷ አለቀች። ሸጋ ድስት ነበረች። እማማ እቴነሽ ግን በእጇ አልሰጧትም። ድንጋይ ላይ አስቀመጧትና እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ምነው በእጄ አይሰጡኝም?» አለች እታገኘሁ።

«ብዙ ሰው ከእጄ መቀበል ይፈራል። አንቺም እንዳትፈሪ ብዬ ነው፣ የኔ ልጅ።»

የእታገኘሁ እንባ ዱብ ዱብ አለ። መሐረቡን በጥርሷ ፈታችው። አባቷን ጠርታ፣ እጇ ምንም እንዳልሆነ፣ ወሬ ሰምታ እንደ ፈራች፣ ፈርታም እንደ ዋሸች ሁሉንም ተናገረች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የእማማ እቴነሽን ጉልበት ሳመች።

«ይቅር ይበሉኝ» አለች።

አባቷ አዝነው መሐረቡን ከመሬት አነሱ። እማማ እቴነሽ ግን ቀና አደረጓት።

«ይቅር ብዬሻለሁ። በይ፣ አሁን እጅሽን አምጪ።»

እጇን በእጃቸው ይዘው ጭቃው ላይ አኖሩት። ጭቃው ቀዝቃዛና ለስላሳ ነበር። አቶ ቢሻውም እጅጌያቸውን ሰብስበው አጠገቧ ተቀመጡ። እስኪመሽ ሦስቱም አብረው ሠሩ።

ወደ ቤት ሲሄዱ አባቷ፣ እግዚአብሔር አዳምን ያበጀው ከምድር አፈር እንደ ሆነ ነገሯት። ስለዚህ ጭቃ ይዞ የሚሠራ ሰው የሚናቅ አይደለም አሏት። እታገኘሁ ማታ ጸለየችና ደህና እንቅልፍ ተኛች። በማግስቱ ምንም አላመማትም፤ በሳምንቱም አላመማትም።

ሸክላዎቹ ሲደርቁ፣ በእሳት ሲተኮሱ እንድታይ አባቷ ወለቃ ወሰዷት። አምሳል ገመዷን ይዛ ደጅ ላይ ቆማ ነበር። ሁለቱ ልጆች ላብ በላብ እስኪሆኑ ዘለሉ።

ልጆች፣ በወሬ ሰውን መናቅ ኃጢአት ነው፤ ስትሳሳቱ ግን እውነቱን ተናግራችሁ ይቅርታ ብትጠይቁ እግዚአብሔር ይቅር ይላችኋል።