ቀዩ መብራት ሳይጠፋ

ጥቁሩን የቆሻሻ ፌስታል እንደያዘች ሙሉ ከአውሮፕላን ማቆሚያው መስመር ኋላ ቆማ ትጠብቃለች። ጅዳ አየር ማረፊያ የሚያውቃት ሙሉ የምትባል አውሮፕላን አጽጂ ብሎ ነው። ስሙም ሥራውም ውሸት ነው። አገር ቤት ሆነው ለስለላ ለላኳት ግን «ሰርዶ» ናት።

አውሮፕላኑ ወደ ማቆሚያው እየተንፏቀቀ ገባ። የነዳጁ ክርፋት ከሽንት ቤቱ ጋር ተደባልቆ አፍንጫዋን ሰነፈጣት።

የምትረከበው የስልክ ሚሞሪ ካርድ ዳውድ ጓንት ውስጥ ነው።

ዳውድ የወሎ ልጅ ነው፤ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለውም፤ ከአውሮፕላን ጎማ ሥር ታኮ ይወሽቃል። የጓደኛውን የሐምዛን ሞት በስልኩ ቀርጿል፤ ካርዱ የያዘው ያንን ነው። አለቃቸው ሳሊም ሐምዛን ቸኩሎ ላከው፤ ያልጠፋው ሞተር ዋጠው። «ሙቀት ገደለው» ተብሎ ሬሳው በታሸገ ሣጥን አገሩ ገባ።

ጠዋት ዕቃ ቤቱ ጥግ አስጠንቅቃዋለች።

«ቀዩ መብራት ሳይጠፋ እንዳትጠጋ።»

«አብሽሪ እቴ ሙሉ። ደሴ ዳገት ላይ የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ። እኛ ጎማው ሳይቆም ነው ዘለን ታኮ የምናስገባ።»

«ይሄ አይሱዙ አይደለም፣ ጅል።»

«ቢሆንማ አንቺን ጋቢና አስቀምጥሽ ነበር።»

ይህን የረዳት ልማዱን ለአንድ ሰው ብቻ ነግራለች፤ ለአገናኟ ለ«ኩራዝ»። ሰዉ የሚያውቀው አብዱልከሪም ብሎ ነው፤ የሻንጣ መጎተቻ ይነዳል።

አውሮፕላኑ ቆመ። ሞተሩ ግን ይጮኻል። ከሆዱ ሥር «ሞተሩ አልጠፋም» የሚለው ቀዩ መብራት ይርገበገባል።

አብዱልከሪም ከሳሊም ጎን ቆሟል። ሳሊም በአገጩ ወደ ዳውድ ጠቆመ። አብዱልከሪም ክንዱን ከመስኮት እንዳወጣ ሹፌር ዘርግቶ መዳፉን ሁለቴ ወደ ታች አወረደ።

የዳገት ሹፌር ምልክት፦ «ታኮ አስገባ!»

የዳውድ እግር ከጭንቅላቱ ቀደመ። ታኮውን ይዞ ተፈተለከ።

ኩራዝ ሸጧቸዋል።

ሰላይ አይሮጥም፤ መሮጥ ዓይን ይስባል። እሷ ሮጠች።

ወገቡን ጠልፋ መሬት ላይ ዘረጋችው። ፌስታሉ ከእጇ ተነጥቆ ሞተሩ አፍ ገባ። ክንዶቿን ከራሷ በላይ አመሳቀለች። ከአውሮፕላኑ አፍንጫ ፊት የቆመው ምልክት ሰጪ አይቷት ለአብራሪው ያንኑ ደገመ።

ቁም።

ሞተሩ እያቃሰተ ጸጥ አለ። መብራቱ ጠፋ።

ዳውድ ጓንቱን አውልቆ ካርዱን መዳፏ ውስጥ ጨመረ። «እቴ… መብራቱን አላየሁትም፣ ወላሂ።»

ፖሊስ መጣ። አብዱልከሪም በሚስዋክ መፋቂያ የነጣ ጥርሱን እያሳየ አስተረጎመ። «ልጁ ጤና የለውም። ራሱ ነው የሮጠ።»

ፊቱ ላይ ልትተፋ አማራት። አንድ ቃል ብትናገር ትፈተሻለች፤ ካርዱም ይገኛል።

ምራቋን ዋጠች። መረረ።

ዳውድ ዞሮ አያት። ትናገርልኛለች ብሎ ጠበቀ። ከዚያ «ኢቃማ የለህም፣ ኻላስ» ብለው ወደ ተርሂል፣ ተባራሪዎች ወደሚታሰሩበት፣ ጫኑት።

ከዚያ በኋላ መካ፣ ዓዚዚያ ሰፈር። አሁን ስሟ ሁዳ ነው፤ የሰው ቤት ሠራተኛ። ሽንት ቤት እያጠበች ስልኳ ጠራ፤ ላኪዎቿ ናቸው።

«ካርዱ ደርሷል። ሳሊምም ኩራዝም ተይዘዋል። ኮርተንብሻል።»

«ዳውድስ?»



«ዳውድ የቱ?»

ሲም ካርዱን ነቅላ ካጠበችው ጉድጓድ ጣለችው። ውሃ ለቀቀችበት። ከእነሱ ይልቅ ጉድጓዱ ንጹሕ መሰላት።

«ሁዳ! ያላ!»

«መጣሁ፣ ማዳም።»

መወልወያዋን አነሳች።