የወፎቹ ክፍል መስኮት

ኦታካር ቫኔክ በትልቁ ደረጃ ግርጌ፣ ነጩ እብነ በረድ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ወለል እንዳይጫር በጫማው ላይ የደረበው የሱፍ ነጠላ ጫማ ከእግሩ አልወለቀም። ዓይኖቹ እንደተከፈቱ ቀርተው ወደ ላይ፣ ወደ ሰገነቱ ያያሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት የቭራኖሆራ ግንብ ኃላፊ ሆኖ ኖሯል፤ ዛሬ ሰኞ፣ ግንቡ ለጎብኚ በማይከፈትበት ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሞቶ ተገኘ።

ኢንስፔክተር ሚላዳ ሶኮሎቫ ስትደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ጠዋት ወጥታ የነበረችው የጥቅምት ፀሐይ ጠፍታ ጭጋጉ እስከ ግቢው ወርዷል። ሚላዳ ግንብ አትወድም። አያቷ በእንዲህ ያለ ቤት ድስት ሲያጥቡ ኖረው ስለሞቱ፣ ወርቅ ቅብ ጣሪያ ባየች ቁጥር «ማን ይሆን የወለወለው?» ነው የምትለው። ያም ሆኖ አዳራሹ ውስጥ ስትገባ ሳታስበው ድምጿን ዝቅ አደረገች። ወንበሮቹ ሁሉ ነጭ ጨርቅ ለብሰው ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው ሰው የተቀመጠ ይመስላል።

«የሚመረመር ነገር የለውም» አለ ሳጅን ኩቢትሳ፤ ምሳው ስላለፈበት ተናድዷል። «ደረጃው ዛሬ ጠዋት ሰም ተቀብቷል። ሰም ሲቀባ ከላይና ከታች ቀይ ገመድ መዘርጋት አለበት። ወለል የምትወለውለው አሮጊት ረስታዋለች። ሰውየው በሱፍ ጫማ ረገጠና ሄደ። በቃ።»

«ገመዱ የት ተገኘ?»

«ግድግዳው ላይ፣ ማንጠልጠያው ላይ። አሮጊቷ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ትከሰሳለች። ግንቡ ውስጥ ያላትንም ክፍል ትለቃለች።»

ሚላዳ ካፖርቷን አውልቃ እብነ በረዱ ላይ በሆዷ ተኛች፤ ጉንጯን ከመጀመሪያው እርከን አስጠግታ የእጅ ባትሪዋን ሽቅብ አበራች። ሳጅኑ አፍሮ ፊቱን አዞረ። ደረጃው ከታች እስከ ላይ እንደ ረጋ ውሃ ያብለጨልጫል። ከዚያ ተነስታ የሟቹን የሱፍ ጫማ ሥሩን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ጣቷንም አሸተተችው። አቧራ ብቻ ነው።

አሮጊቷ፣ ወይዘሮ ሉድሚላ፣ ወጥ ቤት ተቀምጣ ነበር። ስልሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እጆቿ ከሰም ብዛት ቢጫ ሆነዋል። ፊቷ ያለው የነጭ ሽንኩርት ሾርባ ቀዝቅዟል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች፣ ገና ሳትጠየቅ።

«ገመዱን አልዘረጉም?»

«ዘርግቻለሁ! ዓይኔን ግንባር ያድርገው ዘርግቻለሁ። ከላይም ከታችም። ግን...» ሾርባውን ገፋ አደረገችው። «ባለፈው ሳምንት መነጽሬን ግንባሬ ላይ አድርጌ ስፈልገው ዋልኩ፤ ኦታካር በሳቅ ሊሞት። ሳጅኑ ‹ረስተሽ ነው› ሲለኝ፣ ረስቼ ይሆን እላለሁ። ልጄ፣ ክሱን ተይው፣ ክፍሉንም ይውሰዱት። ሠላሳ ዓመት አብሮኝ ሾርባ የጠጣ ሰው በእጄ መሞቱን ብቻ አልችለውም።»

ሚላዳ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«እመቤቲቱም ዋሸችኝ» አለች ሉድሚላ።

«የትኛዋ እመቤት?»

«ነጯ እመቤት ናታ! ድሮ ከዚህ ሰገነት ወድቃ የሞተችው የቤቱ እመቤት። በጥቁር ጓንት ከታየች ሞት ነው፤ በነጭ ጓንት ከታየች ደስታ ነው። ዛሬ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ደረጃውን ጨርሼ ለሌላው ክፍል ግቢ ውስጥ ሰም ሳቀልጥ ቀና ብል፣ በወፎቹ ክፍል መስኮት ቆማለች። ሁለንተናዋ ነጭ። በነጭ ጓንት መዝጊያውን ከውስጥ ሳብ አደረገችው። እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ አማተብኩ።»

«እንዴት አድርጋ ዘጋችው? በኃይል?»

«ኧረ ቀስ ብላ! ሕፃን እንዳይነቃባት የምትፈራ ትመስላለች።»

ሳጅኑ በር ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ያ ክፍል የማን ነው?»

«የዶክተር ራዶቫን። ግድግዳውን የሸፈነውን፣ ወፍ የተሳለበትን ሐር የሚጠግነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መስኮቱ ተከፍቶ አያውቅም፤ ብርሃን ቀለሙን ይበላዋል ይላል። ኦታካር እንኳ ወፎቹን የሚያያቸው በእጅ ባትሪ ነው። አሁን ደግሞ ዓይኑ ሊጠፋ ነበር፤ ሐኪሙ ‹እስከ ገና ነው› ብሎታል። ‹ሉድሚላ፣ አንድ ቀን በፀሐይ ሳላያቸው› ይለኝ ነበር።» በሽርጧ ፊቷን ሸፈነች።

በምድር ቤቱ የቅድመ አያቶች አዳራሽ ውስጥ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ይሰማል። አቶ ሌኦፖልድ ነው፤ የድሮዎቹ ባለቤቶች የልጅ ልጅ። መንግሥት የወረሰው ሁሉ ይመለስ ከተባለ ወዲህ ከቪየና እየተመላለሰ ግንቡን በሜትር ይለካል። ብረት የተመታበት ተረከዙ በሄደበት ሁሉ የሉድሚላን የእንጨት ወለል በረዶ የደበደበው አስመስሎታል።

«የሱፍ ጫማ አያደርጉም?» አለችው ሚላዳ።

«በአያቴ ቤት? ድመት ነኝ እንዴ?»

«ከሟቹ ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል።»

«ማን ያልተጣላው አለ? ሰውየው ግንቡ የእሱ ይመስለው ነበር። ለፍርድ ቤት ሦስት ጊዜ ጻፈብኝ።» ሜትሩን ጠቀለለ። «ጠዋት የት ነበርክ ልትዪኝ ነው። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚሁ ነኝ። ብቻዬን። ምስክሮቼ እነዚህ ናቸው» ብሎ ግድግዳው ላይ ወዳሉት የአያቶቹ ሥዕሎች አገጩን ቀሰረ።

ሚላዳ በአገልጋዮች ጠባብ ደረጃ ወደ ሰገነቱ ወጣች። መደገፊያው ከጉልበት እምብዛም አያልፍም፤ ጎንበስ ብላ ቁልቁል አየች። ሟቹ ወደ እሷ ያያል። ከጀርባዋ ጨርቅ የተጎተተ መሰላትና ዞረች፤ ማንም የለም። ወለሉን በባትሪዋ ጥግ ለጥግ ካየች በኋላ የወፎቹን ክፍል አንኳኳች።

ዶክተር ራዶቫን ሃምሳ ዓመት ያለፈው ቀጭን ሰው ነው፤ ነጭ የሥራ ካፖርት ለብሷል። ከማስገባቱ በፊት የሱፍ ጫማ ሰጣት።

«ምንም እንዳይነኩብኝ» አላት።

ደብዛዛ መብራት አበራ፤ ሚላዳም ባለችበት ቀረች። አራቱም ግድግዳ ሐር ነው። በሐሩ ላይ በእጅ የተሳሉ ወፎች ከወርቅ ቅርንጫፍ ወደ ወርቅ ቅርንጫፍ ይዘላሉ፤ አንዱ ጫጩቱን ይመግባል፣ አንዱ ጭንቅላቱን አዘንብሎ እሷኑ ያያታል። ማን ወለወለው ማለቱንም ረሳችው።

«ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ናቸው» አለ ራዶቫን በሹክሹክታ። «የአንድ ሰዓት ፀሐይ የአንድ ዓመት ዕድሜ ይወስድባቸዋል። ሰው ይሞታል፣ ሌላ ይወለዳል። እነዚህ ግን አይወለዱም።»

«እርስዎ መቼ መጡ?»

«በአራት ሰዓት ተኩሉ አውቶቡስ። ስደርስ አስከሬኑ ተገኝቶ ነበር። ወጥ ቤት ገብቼ ወይዘሮ ሉድሚላን አጽናናሁ።»

ጥግ ላይ አንዲት መሣሪያ ቀጭ ቀጭ ትላለች። ወረቀት የተጠቀለለባት ከበሮ ቀስ ብላ ትዞራለች፤ ብዕሯ የክፍሉን ሙቀትና እርጥበት ታሰምራለች። ራዶቫን ወረቀቱን በየሰኞው ይቀይራል። ሚላዳ ጎንበስ ብላ መስመሩን አየች፤ ከዚያ ሰዓቷን አየች። መስኮቱንም አየችው፤ መዝጊያው ማጠፊያ ላይ ያለው የሸረሪት ድር ለሁለት ተበጥሶ ተንጠልጥሏል።

«ሁሉንም እዚህ እፈልጋቸዋለሁ» አለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አምስቱም በወፎቹ መካከል ቆሙ። ሌኦፖልድን ሳጅኑ በግድ የሱፍ ጫማ አልብሶታል። ሉድሚላ በሩ አጠገብ፣ እንደ ተከሳሽ አንገቷን ደፍታለች።

«ከደረጃው ልጀምር» አለች ሚላዳ። «ገና ሰም በተቀባ ደረጃ ላይ ሰው ተንሸራቶ ቢወድቅ ሰሙ ይታረሳል። እኔ በሆዴ ተኝቼ አየሁት፤ አንድ ጭረት የለውም። የሟቹንም ጫማ ሰም አልነካውም። ኦታካር በደረጃው አልወረደም። ከሰገነቱ ነው የወደቀው።»

«ገመዱስ?» አለ ሳጅኑ።

«ወይዘሮ ሉድሚላ ዘርግተውታል። ያነሳው ገዳዩ ነው፤ ተንሸራቶ ወደቀ እንዲባል። ሌላ ሰው ቢሆን በተረከዙ ሰሙን ፈቅፈቅ አድርጎ ውሸቱን ያሳምረው ነበር። ይሄኛው ግን የሦስት መቶ ዓመት ደረጃ ለመጫር እጁ አልታዘዘለትም።»

«እንግዲያው እኔ አይደለሁም!» አለ ሌኦፖልድ።

«አይደሉም። ሰገነቱ ላይ አንድም የተረከዝ ምልክት የለም። ዛሬ ያዳነዎት ብልግናዎ ነው።»

ሳጅኑ ሳቁን በሳል ዋጠው።

«አሁን ወደ ነጯ እመቤት እንምጣ። መንፈስ ጓንት ምን ያደርግለታል? ጓንት የሚያደርገው ላቡ ወርቅ ቅቡን እንዳይነካው የሚሳሳ ሰው ነው። መዝጊያው የተዘጋው ተከፍቶ ስለነበር ነው። የከፈተው ዓይኑ ሊጠፋ የቀረበ ሰው ነው። የዘጋው ደግሞ፣ አንድ ሰው ታች ሞቶ ተጋድሞ ሳለ፣ ከማምለጥ በፊት ተመልሶ ፀሐዩን ከሐሩ ላይ ያነሳ ሰው ነው።»

«እኔ በአራት ሰዓት ተኩሉ አውቶቡስ ነው የመጣሁት» አለ ራዶቫን።

«አመል ያወጣል ከመሐል፣ ዶክተር። ይህች ብዕር አዲሱ ወረቀት ላይ ማስመር የጀመረችው ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። የቀየሩት እርስዎ ነዎት፤ ሰኞ ነዋ።» ሚላዳ ከቁም ሳጥኑ ዶሴ አውጥታ ከላይ ያለውን ወረቀት አነሳች። «አሮጌውም ይኸው፣ በቦታው። መስመሩ ሳምንቱን ሙሉ ዝርግ ነው። ዛሬ ከሁለት ሰዓት ከሩብ በኋላ ሙቀቱ ሽቅብ ይወጣል፤ ሦስት ሰዓት ላይ ይመለሳል። ፀሐይ ገብታ ወጥታለች። ይህን ምድጃ ውስጥ ቢጥሉት ኖሮ ባዶ እጄን እቀር ነበር።»

«ስድስት መቶ ወረቀት አለ» አለ ራዶቫን። «አንድም ሳምንት አልጎደለም።»

መሣሪያዋ ቀጭ ቀጭ ትላለች።

«ስገባ ሙሉ ፀሐይ ነበር» አለ፣ ግድግዳውን እያየ። «ወንበር አምጥቶ ተቀምጦ ያለቅሳል። ‹ውጣ!› አልኩት። ‹አምስት ደቂቃ ብቻ፣ ራዶቫን› አለኝ። ጎትቼ አወጣሁት፣ ገፋሁት... መደገፊያው አጭር ነው። ልገድለው አላሰብኩም።»

ሉድሚላ ቀና አለች። ቀስ ብላ መጥታ ፊቱ ቆመች።

«ለደረጃው አዘንክለት» አለችው። «ለሐሩ አዘንክለት። ለወረቀቱ እንኳ አዘንክለት። አሥራ ሁለት ዓመት ሾርባ ያበላሁህ እኔ፣ ገደልኩት እያልኩ ስቃጠል ትከሻዬን ይዘህ ‹አይዞሽ፣ ሳታውቂ ነው› አልከኝ።»

እሷም መስኮቱ ጋ ሄዳ በዚያ በቢጫ እጇ መዝጊያዎቹን ከፈተቻቸው።

«ዝጊው! ስለ እግዚአብሔር!» ብሎ ጮኸ፤ ሳጅኑ ክንዱን ያዘው።

ውጭ ፀሐይ የለም፤ ጭጋግ ብቻ ነው። ግራጫው ብርሃን ቀስ ብሎ ሲገባ ወፎቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ ሰማያዊው፣ ቀዩ፣ ሎሚ የመሰለው። ሌኦፖልድ ሳያውቀው ባርኔጣውን አወለቀ።

«አምስት ደቂቃ» አለች ሉድሚላ። «ለኦታካር።»

ሳጅን ኩቢትሳ ሰዓቱን አየ። ጊዜው ሲያልቅ ሉድሚላ ራሷ፣ ሕፃን እንዳይነቃባት እንደምትፈራ፣ ቀስ አድርጋ ዘጋቻቸው።

ሚላዳ ልትሄድ ስትል ሉድሚላ እስከ በሩ ሸኘቻት።

«ገመዱን አልረሱም» አለቻት ሚላዳ። «ከእንግዲህ ራስዎን አይውቀሱ።»

«ገመዱንስ እሺ።» አሮጊቷ ሽርጧን አጣጠፈች። «አንድ ያልነገርኩሽ አለ። ትናንት፣ እሑድ፣ የመጨረሻዎቹ ጎብኚዎች እንደወጡ፣ ሰገነቱ ላይ አየኋት። መደገፊያው ጋ ቆማ ቁልቁል ታያለች። ያን ጊዜ ጓንቷ ጥቁር ነበር።»

ሚላዳ ራዶቫን እሑድን ቀኑን ሙሉ ብርኖ ከተማ፣ እህቱ ቤት እንደዋለ በስልክ አረጋግጣለች። ሌኦፖልድም ገና ከቪየና አልመጣም ነበር።

«ለኦታካር ልነግረው አስቤ ነበር» አለች ሉድሚላ። «ይስቅብኛል ብዬ ተውኩት።»

ሚላዳ ሰም የጠገበውን የአሮጊቷን እጅ ጨበጠች። ከዚያ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን አስነሳች፤ ከግቢው እስክትወጣም ቀና ብላ መስኮቱን አላየችም።