ባዕዱ መስመር

ለፍቅር ብለሽ ትዋሻለሽ ብሎ የነገራት ሰው ቢኖር ኖሮ በሳቅ ትፈርስ ነበር። እንጀራዋ እኮ የውሸት ጠላት መሆን ነው! ወደ ፀሐይ የተላከችው መንኮራኩር ረጅም ዘንጓ ላይ ሁለት የመግነጢስ መለኪያዎች ተሸክማለች። መለኪያ ደግሞ እንደ አሮጌ ሚዛን ነው፤ ምንም ሳይጫንበትም ትንሽ ያነባል። መንኮራኩሯ አልፎ አልፎ በራሷ ዙሪያ ስትሽከረከር ያቺ ትርፍ ቁጥር ትለያለች፤ ልጅቷም አዲስ የእርማት ሠንጠረዥ አዘጋጅታ ያንን ትርፍ ከንባቡ ላይ ትቀንሳለች። በመሥሪያ ቤቱ «ማግኔት» ነው የሚሏት፤ ስሟን የሚያስታውሰው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

እሱ ደግሞ «ንፋሱ» ነው። ከፀሐይ እየተተፋ የሚወጣውን የቅንጣት ጎርፍ፣ የፀሐይን ንፋስ ያጠናል። የተዋወቁት ማተሚያ ማሽኑ ጋ ነው፤ የእሷን ወረቀት አንስቶ በእርሳስ ሲሞነጫጭርበት ደረሰችበት።

«ይቅርታ፣ የማን እንደሆነ ሳላይ ነው» አላት ደንግጦ።

«እሺ፣ መሳሉን ምን አመጣው?»

«መስመሩ ያምር ነበራ!»

መቆጣት ፈልጋ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ምሳ ሰዓታቸው አንድ ሆነ። ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ግራፍ ሲያዩ፣ ማናቸውም ገጹን ለመግለጥ አይቸኩሉም ነበር።

«ኤሌክትሮኖቹ የመግነጢሱን መስመር ይዘው ነው ከፀሐይ የሚወጡት» ብሎ አስረዳት አንድ ቀን፤ «ጉንዳን ዱካ እንደሚከተለው። መስመሩ ወደ ኋላ ከታጠፈ እነሱም አብረው ይታጠፋሉ።»

ታዲያ መንኮራኩሯ ወደ ፀሐይ እጅግ በቀረበችበት ሰሞን አንዲት ጉደኛ ሰዓት ተገኘች። እሱ ከኋላዋ ቆሞ «ቶሎ በይ እንጂ፣ ቶሎ በይ!» እያለ ሲያጣድፋት ንባቡን አውጥታ ዘረጋችለት። መግነጢሱ ተገልብጧል፤ ኤሌክትሮኖቹ ግን ከአቅጣጫቸው ንቅንቅ አላሉም።

«ይሄ እጥፋት አይደለም!» ብሎ ከመሬት ዘለለ። «ከሌላ የፀሐይ ክፍል መጥቶ መሀል የተሰነቀረ ባዕድ መስመር ነው! አይተን የማናውቀው!» ሰው ሁሉ እያየ አቀፋት። ከዚያ ሁለቱም አፍረው መሬት መሬት አዩ።

ይህ ግኝት ለእሱ ከደስታም በላይ ነበር። የቅጥር ዘመኑ በወር ውስጥ ያልቃል። አናጢው አባቱም «ፀሐይ ለማየት ከሆነ እዚህም ትወጣለች፤ ና መጋዙን ያዝ» እያሉ ልቡን ካወለቁት ቆይተዋል። የመሥሪያ ቤቱ አለቃ፣ ቀልድ የማታውቅ ሽበታም ሴት፣ «ግኝቱ ከጸና ሁለት ዓመት እጨምርልሃለሁ» አለችው።

«ሁለት ዓመት ካገኘሁ» አላት እጇን ይዞ፣ «አንቺን ይዤ አባዬ ፊት እቆማለሁ። መጋዝ የሚባል ነገር ያኔ ይረሱታል።»

ከደስታ ብዛት ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

ከአንድ ሳምንት በኋላ ስህተቱን አገኘችው። በዚያ ጥድፊያ የተጠቀመችው ሠንጠረዥ መንኮራኩሯ ለመጨረሻ ጊዜ ከመሽከርከሯ በፊት የተሠራው አሮጌው ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ልዩነቱ ከቁም ነገር አይገባም፤ በዚያች ሰዓት ግን መግነጢሱ ደክሞ ስለነበር ትንሿ ቁጥር አቅጣጫውን ገለበጠችው። በትክክለኛው ሠንጠረዥ ስትደግመው መስመሩ ቀጥ አለ። ባዕድ የሚባል ነገር አልነበረም። ንባቡን ፋይል ውስጥ አስቀምጣ፣ እጆቿን ጭኖቿ መሀል ወሽቃ ተቀመጠች።

ብትናገር እሱ ይሄዳል። ሆድ ይፍጀው አለች።

«ምነው፣ ምግብ አስጠላሽ?» አለቻት ታላቅ እህቷ።

«ምንም።»

«ይሄ ምንም የሚሉት በሽታ ሊገድልሽ ነው!»

በየማለዳው «ዛሬ እነግረዋለሁ» ትላለች። እሱ ግን ከረባቱን አስሮ፣ ግኝቱን ለእንግዶች የሚያቀርብበትን ንግግር ሊለማመድባት ይመጣል፤ ያን ፊቱን ስታይ «ግሩም ነው» ትለዋለች። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

ግኝቱ ለእንግዶች ሊቀርብ አንድ ቀን ሲቀረው ጠዋት ፊቱ አመድ መስሎ መጣ።

«ለተጨማሪ ማስረጃ ብዬ ሁለተኛውን መለኪያ አየሁት። ባዕዱ መስመር የለም» አላት። ከዚያ የደነገጠች መስሎት ትከሻዋን ያዘ። «አይዞሽ የኔ እናት። የማንም እጅ ይሳሳታል፤ ያጣደፍኩሽም እኔ ነኝ። አብረን ገብተን እንናገራለን። ቆይ፣ ሠንጠረዡን ልየው።»

አትክፈተው ልትለው ስትል ቀደማት። ወንበሯ ላይ ተቀምጦ ፋይሎቹን ዘረጋ። የተስተካከለው ንባብ እዚያው ነበር፤ የተሠራበት ቀን ከጎኑ ተጽፏል። ቀኑን አየው። እሷን አየ። እንደገና ቀኑን አየው።

«ሦስት ሳምንት?»

«አዎ።»

«ትናንት ከረባቴን እያስተካከልሽ ‹ግሩም ነው› ስትዪኝም?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«እንዳትሄድብኝ» አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

አልጮኸባትም። ቢጮኽባት ምን ነበረበት! ለአለቃዋ ስሟን ሳያነሳ «ተሳስተናል» ብሎ ወጣ። እሷም ተከትላ ገብታ፣ መሳሳቷንም መደበቋንም ዘረገፈችው። አለቃዋ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸችና «አንቺን በማስጠንቀቂያ አልፍሻለሁ። እሱን ግን የማቆይበት ምክንያት የለኝም» አለቻት።

በሳምንቱ አውቶቡስ መናኸሪያ ሄዳ አገኘችው። ሁለት ሻንጣ ይዟል።

«አብሬህ ልምጣ» አለችው። «መጋዝ እይዛለሁ። የእንጨት ብናኝ እጠርጋለሁ። ያልከኝን እሆናለሁ፣ ብቻ እንዲህ ጥለኸኝ አትሂድ።»

«ሥራው አይደለም ያመመኝ» አላት። «አሁን ስትስቂም ስታለቅሺም የቱ እውነት እንደሆነ መለየት አቃተኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባላገኘው ኖሮ፣ በማግስቱ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስቆም፣ ዝም ትዪኝ ነበር?»

ጠዋት ልነግርህ ነበር ማለት ትችላለች። ቃሉ ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ መጥቷል። እሱም ይህንኑ መስማት ነው የፈለገው፤ ዓይኑ ይለምናታል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትናገር ሻንጣውን ያወርድ ነበር፣ ይህንን እንደ እጇ መዳፍ ታውቃለች።

«ዝም እልህ ነበር» አለችው።

ራሱን ዝቅ ከፍ አደረገ። ግንባሯን ሳማት።

«አሁን አመንኩሽ» አላትና አውቶቡሱ ላይ ወጣ።

ሾፌሩ በሩን ሊዘጋ ሲል «እህቴ፣ ትሳፈሪያለሽ?» ብሎ ጠየቃት። በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየች፤ እሱ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ተቀምጧል። ቀና እንዲልላት ጠበቀች። ሾፌሩም ጥቂት ታገሣት። እሱ ግን ቀና አላለም።

«አይ፣ አልሳፈርም» አለችው።