ጸበል የሄደችው እምዬ

«እምዬ ጸበል ሄዳለች» አለ ጋሼ ጫኔ።

ማንም አልጠየቀውም ነበር። ኮከብ ገና ከአውቶቡሱ እየወረደች ነው፤ አንድ እግሯ ደረጃው ላይ፣ አንዱ የዘመሮ ጭቃ ውስጥ። እናቷ ወሰኔ ደግሞ ወንድሟን ጫኔን ስማ እንኳ አልጨረሰችም።

«የምን ጸበል?» አለች ወሰኔ። «እንደምመጣ አልነገራችኋትም እንዴ?»

«ነግረናታል። ለወገቧ ነው፣ ቆላ ወርዳ። ፍልሰታን እዚያው ሱባኤ ልያዝ ብላ። በይ አሁን በቅሎዋ ላይ ውጪ፣ ዝናብ ሳይቀድመን።»

ኮከብ ነገሩ አልገባትም። እምዬ አያቷ ወፍጮ ቤት ለመሄድ እንኳ «ወይ ጉልበቴ» እያለች ሦስት ቦታ የምታርፍ ሴት ናት። በዚህ ክረምት፣ በዚያ ገደል፣ ቆላ? ግን ጸበል ነው። ጸበል ከተባለ እዚህ አገር ሽባም ተነሥቶ ይሄዳል፤ ስለዚህ አፏን ዘጋች። አፍ መዝጋት ደግሞ ልማዷ አልነበረም።

ከዚህ የወጡት ከአራት ዓመት በፊት፣ እሷ አሥር ዓመቷ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ክፍል ተከራይተው፣ እናቷ ሻይ ቤት ከፍታ ይኖራሉ። ኮከብ ግን እስካሁን «ቤታችን» ስትል ይህንን ነው፤ የእምዬን ቤት። የመጡት ለሦስት ቀን ብቻ ነው። ወሰኔ ሰኔ ላይ ሆዷን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል፤ ሐኪሙም ከባድ ነገር አታንሺ፣ አትደንግጪ ብሏታል። ያን ጊዜ ለኮከብ የነገረቻት «ለጉዳይ አዲስ አበባ ደርሼ ልምጣ» ብላ ነበር፤ ልጅቷ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ላይ ስለነበረች እንዳትረበሽ። ኮከብ እውነቱን ስትሰማ ቤቱን በጩኸት አናጋችው። በመጨረሻ ሁለቱም ጊዮርጊስን ጠርተው ማሉ፦ ከእንግዲህ አንደባበቅም።

ጋሼ ጫኔ ቤት ሲደርሱ ሚስቱ ተሾመች በር ላይ ቆማለች። በአዘቦት ቀን፣ በጾም፣ ያንን ቀይ የፋሲካ ቀሚሷን ለብሳ። ወሰኔን አቅፋ አልለቅ አለች።

«ምነው ታለቅሻለሽ?» አለች ወሰኔ እየሳቀች። «አልሞትኩም እኮ! ቀደዱኝ፣ ሰፉኝ፣ አለሁ።»

«ናፍቀሽኝ ነው» አለች ተሾመች። «ግቢ፣ ምሳ ቀርቧል።»

«በጾም? ገና ስድስት ሰዓት ሳይሆን?»

«ታማሚ አይጾምም። አባ ይሥሐቅ ፈቅደዋል፣ አደራ ትብላ ብለዋል።»

አባ ይሥሐቅ የደብሩ ቄስ ናቸው። ገና ዛሬ የመጣን ሰው መቼ አይተውት ነው የፈቀዱለት? ኮከብ ይህንን ልትጠይቅ ስትል ጋሼ ጫኔ ዓይን ዓይኗን አያት፤ ተወችው።

ወሰኔ በላች። ከሰኔ ወዲህ ኮከብ እናቷን እንዲህ ስትበላ አላየችም። ከዚያ ሻንጣዋን ፈታችና አልጋ ላይ ሆና የሠራችውን ወይን ጠጅ ሹራብ አወጣች።

«ለእምዬ ነው። እስቲ ቁሚ፣ አንቺን ታክላለች አይደል?» ብላ ተሾመች ትከሻ ላይ ለካችው። እጅጌዎቹን ዘረጋግታ ደረቷ ላይ አስተካከለች። «ትንሽ ጠበበ መሰለኝ። ከስታለች ወይስ ወፍራለች?»

ተሾመች «በጎቹ ገብስ ውስጥ ገቡ» ብላ እየሮጠች ወጣች። ኮከብ በበሩ አየች። በጎቹ ጉሮኗቸው ውስጥ ናቸው።

ተከትላት ስትወጣ የተሾመችን ልጅ እስከዳርን አጥሩ ሥር አገኘቻት። በአንድ ዓመት ትበልጣታለች፤ ዱሮ አንዷ የሌላዋን ሻሽ መንጥቃ መሮጥ ጨዋታቸው ነበር።

«አንቺ፣ ምነው በሻሽ ተጠፈርሽ? ሳትነግሪኝ ተዳርሽ እንዴ?»

«ተይኝ ባክሽ።»

«ማነው ባልሽ? ያ የጎረቤት ልጅ፣ ንፍጣሙ ይታየው እንዳይሆን!»

«ኮከብ፣ ተይ አልኩሽ።»

ኮከብ ግን መቼ ተይ ተብላ ትተዋለች! ከኋላ መነጠቀቻት።

ሻሹ እጇ ላይ ቀረ። እስከዳር ፀጉር የላትም። በምላጭ ተላጭታ ገና እንደ ገብስ ቡቃያ ብቅ ብቅ ብሏል። እዚህ አገር ሴት ልጅ ለምን እንደምትላጭ ኮከብ ታውቃለች። ታውቃለች፤ ግን ሌላ ምክንያት ፈለገች።

«ቆረቆር ነው አይደል?» አለች። «እስኩ፣ ቆረቆር ነው በይኝ።»

እስከዳር ሻሹን ተቀብላ አሰረች። «ሐምሌ ሥላሴ ዕለት» አለች። «ተኝታ ነው ያደረችው። ለቡና ስንጠራት… አልተነሣችም።»

ሃያ ስድስት ቀን። ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ በስልክ «ኔትወርክ የለም»፣ «ማሳ ወርዳለች»፣ «ተኝታለች» ሲሏቸው፣ ኮከብ ደግሞ «እምዬ ዘንድሮ እንቅልፍ አበዛች» እያለች ስታሾፍ። አፏን ስትከፍት እስከዳር በመዳፏ አፈነችው።

«እንዳትጮኺ! ነገ ጎህ ሲቀድ ነው መርዶው ለእናትሽ የሚነገራት። አባ ይሥሐቅ ይመጣሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ ይመጣል። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ የደከመ ሰው፣ የራበው ሰውም አይረዳም። ዛሬ ትብላ፣ ትተኛ። እኛም ጥቁራችንን ያወለቅነው ለዚህ ነው።»

«እኔስ?»

«አንቺም ነገ።»

ለቅሶም እንደ ፈተና ሰዓት ተመድቦለታል ማለት ነው። ኮከብ የእምዬ ቤት ሄዳ በበሩ ስንጥቅ አየች። መደቡ ላይ የምትለብሰው ባና የለም፣ አጎዛውም የለም። ባዶ ጭቃ ነው። ጥርሷን ነክሳ ቆመች። እሄዳለሁ፣ አሁኑኑ እነግራታለሁ አለች በልቧ። ምለናል። እንዲህ እንደ ሞኝ አስቀምጠው ሲያበሏት ዝም ብዬ ላይ ነው? ፊቷን በዝናብ ውኃ ታጥባ ገባች።

ጋሼ ጫኔ በሩ ላይ ጠበቃት፤ ከፊቷ ገብቶታል። «የተሰፋው ቁስሏ አልደረቀም» አላት በሹክሹክታ። «እኔ ወንድሟ መዋሸት ደስ ብሎኝ መሰለሽ? አንድ ሌሊት ነው የለመንኩሽ።»

ኮከብ ከፊቱ አልተነቃነቀችም። ቆይቶ መንገድ ለቀቀላት።

ወሰኔ ብርሃን ወዳለበት ወደ በሩ ዞራ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ፀጉሯን ፈትታ በማበጠሪያ እየታገለችው ነው።

«የት ጠፋሽ አንቺ? ነይ ሹሩባ ሥሪኝ። ጠዋት በቅሎዋን ይዘን እዚያው ጸበሉ ድረስ እንወርዳለን ብዬዋለሁ ጫኔን። እናቴ እንዲህ ተንጨብርሬ ካየችኝ ደብረ ብርሃን አሳበደቻት ትላለች።»

ኮከብ ከኋላዋ ቆመች። ነገ በዚህ ሰዓት ይህ ፀጉር አይኖርም። ይህንን እያወቀች ማበጠሪያውን ተቀበለች፤ ፀጉሩን መሐል ለመሐል ከፈለች፤ አንዱን ጀመረች። አንዱን ስጨርስ እነግራታለሁ አለች። ጨረሰች። ሁለተኛውን ጀመረች።

«ይገርምሻል» አለች ወሰኔ፣ «ሆስፒታል ማደንዘዣውን ሲወጉኝ የጠራሁት እሷን ነው አሉ። በአርባ ዓመቴ! እማዬ እያልኩ። ስመለስ ሄጄ ጉልበቷ ላይ ነው የምተኛ አልኩ። ሦስቱንም ቀን።»

የኮከብ ጣቶች ቆሙ።

«ምነው?»

ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ሁለት ቃል ብቻ ነው። ከበሩ ውጪ ጉሙ ማሳውን እየዋጠ ይመጣል፤ ለመምሸት ግን ገና ጥቂት ይቀራል። እናቷ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ዓይኗን ጨፍና ትጠብቃለች፤ ፈገግ ብላለች።

«ኮከብ? ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ጠማማ ወጣብኝ።»

«ተይው፣ ማን ያየዋል?»

«አይ» አለች ኮከብ። ድምፅዋ እንዳይሰበር ቀስ ብላ ተናገረች። «ፈትቼ እንደገና ልሥራው።»

የሠራቻቸውን ሁለቱንም ፈታች። ከዚያ እንደ ክር የቀጠነች ዘለላ ለየችና፣ ከግንባሯ ጀምራ፣ ሳትቸኩል መሥራት ጀመረች።